ባትሪው ደክሟል

ነርሷ ቁልፉን አዞረች። መኪናው «ጠቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰጥቶ ዝም አለ። ደግማ አዞረች፤ «ጠቅ» ማለቱም ቀረ።

ወርዳ በግቢው መካከል ቆመች። አማቷ በሳሎኑ መስኮት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ያዩዋት ነበር። ሁለቱ ሴቶች በዚህ ቤት ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያገናኛቸው ሰው፣ የአንዷ ልጅ የሌላዋ ባል፣ በሕመም ሞቷል፤ እነሱ ግን አልተለያዩም። ለምን እንዳልተለያዩ ተነጋግረው አያውቁም።

መኪናው የሟቹ ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ ነርሷን ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋት ነበር። ከከተማው ውጭ የተሠራው አዲስ ጤና ጣቢያ ኃላፊ እንድትሆን ተመርጣለች፤ ሥራው የሚጀምረው በመጪው ወር መግቢያ ላይ ነው። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ ጠዋት አለ፤ ማታ የሚመልስ ግን የለም። መኪናው የሚታመን ከሆነ በየማታው ወደ አማቷ ቤት ትመለሳለች። ካልሆነ እዚያው ክፍል መከራየቷ ነው። ይህን ለአማቷ አልነገረቻቸውም። ነገሩ ሳይለይ ለምን ላስጨንቃቸው ብላ ነበር።

«መለኪያን ጥሪው» አለቻት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ።

አማቷ ከደጃፉ ሆነው ሰሙ። «መለኪያ? ጠጪ ሰው ግቢዬ አይገባም።»

«ኧረ እትዬ፣ እሱስ ጠብታ አይቀምስም። ሳይለካ ስለማይናገር ነው የመኪና ኤሌክትሪሺያኖቹ እንደዚያ የሚሉት።» ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «እኔ ስለካ እውላለሁ፣ መለኪያ ያለኝ ግን የለም።»

«አንቺማ ስትለኪ ሳይሆን ስታወሪ ነው የምትውዪው።»

ሰውየው በአሮጌ ሞተር ሳይክል መጣ። ዕድሜው ከነርሷ ብዙም አይርቅም፤ ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ቅባት ነበረ፣ የሸሚዙ ቁልፎች ግን እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። ሰላምታ ሰጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። የመለኪያውን ሁለት ገመዶች ባትሪው ላይ አሳርፎ ቁጥሩን አየ። አንሥቶ እንደገና አሳረፈ።

«ባትሪው ሞቷል» አለ።

አማቷ ሹራባቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ሰውየው የተዘጋውን በር አየ፤ ቀጥሎም በነርሷ ጣት ላይ የላላውን ቀለበት አየ።

«ይቅርታ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደክሟል ማለቴ ነው። ይሞላል።»

በሙያው ቋንቋ ቃሉ የማይቀር ነው። ባትሪ ይሞታል፣ ሞተር መንገድ ላይ ይሞታል፣ የሞተ ገመድ ይቆረጣል። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ «ደከመ»፣ «ተኛ»፣ «ዝም አለ» ይል ነበር እንጂ ያችን ቃል አልደገማትም። ነርሷ ይህን ልብ ብላለች።

ባትሪው ተሞልቶ ሲገጠም መኪናው ተነሳ። የተነሳው ግን ሌላ መኪና ሆኖ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የፍሬን፣ የመሪና የኤርባግ መብራቶች አንድ ላይ በሩ። የዝናብ መጥረጊያው በጠራራ ፀሐይ ይጠርግ ጀመር። የሾፌሩ መስኮት እስከ ግማሽ ወጥቶ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ሞተሩ እንደሚያቃስት ሰው ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

«ይሄ ሁሉ ነው የተበላሸው?» አለች።

«አይመስለኝም። ረስቶ ነው።»

«መኪና ይረሳል እንዴ?»

«ኃይል ሲያጣ የተማረውን ይረሳል። መሪው ወዴት እንደዞረ፣ መስኮቱ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ምን ያህል አየር እንደሚስብ። እንደገና ልናስተምረው ነው። እስቲ ይግቡና መሪውን ወደ ግራ፣ እስኪያበቃ ያዙሩልኝ።»

አዞረች። ወደ ቀኝም አዞረች። የመሪው መብራት ጠፋ። ሰውየው በመስኮቱ እጁን አስገብቶ መጥረጊያውን አጥፍቶ አበራ፤ መጥረጊያውም ቦታውን አግኝቶ ተኛ።

«አሁን መስኮቱን ወደ ላይ ይሳቡት። ጫፍ ሲደርስ እንዳይለቁት። ይያዙት... ይያዙት። ይልቀቁ።»

ስትለቅ ቀና አለች። ፊቱ በመስታወቱ ማዶ ቅርብ ነበር። መስኮቱን እያየ መስሏት ነበር፤ አልነበረም። እሱም ይህን ያወቀው እሷ ስታየው ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ ብሎ ወደ ኮፈኑ ዞረ።

«እኛ ሆስፒታልም እንዲሁ ነው» አለች፣ ከመኪናው እየወረደች። «በሽተኛ ብዙ ምልክት ይዞ ይመጣል። ሁሉም ምልክት በሽታ አይደለም።»

«ልክ ነው። ባትሪ ከደከመ በኋላ መኪና የሚናገረውን ሁሉ አላምንም። ኮምፒውተሩ የያዘውን ብልሽት ሁሉ አጠፋለሁ፤ ከዚያ ይነዳል። ተመልሶ የመጣው ብቻ እውነት ነው።»

ምንም ተመልሶ አልመጣም። በሳምንቱ ግን መኪናው እንደገና አልነሳ አለ።

«አዲስ ባትሪ ልግዛ?» አለችው ሲመጣ።

«አይግዙ። ባትሪው ጤነኛ ነው። አንድ የሚጠባው ነገር አለ።»

ሥራው ይህን ነገር መፈለግ ሆነ። መኪና ተቆልፎ ሲተው ወዲያው አይተኛም፤ ውስጡ ያሉት ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ እስኪተኙ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚፈሰው ኃይል የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ መለኪያውን አገናኝቶ ደጃፉ ላይ ባለው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እሷም ከጎኑ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትታ ተቀመጠች።

«ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?» አለች በሹክሹክታ።

«ትንሽ ይቆያል» አለ እሱም በሹክሹክታ።

«ድምፅ ይቀሰቅሰዋል?»

«አይ። የሚቀሰቅሰው በር መክፈት ነው።»

«ታዲያ ለምንድነው የምናንሾካሹከው?»

«እርስዎ ስለጀመሩ።»

ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ በዚህ ግቢ ከሳቀች ቆይታለች። ከኋላቸው መጋረጃው ተንቀሳቀሰ።

መኪናው እስኪተኛ ሲጠብቁ ስለ ጤና ጣቢያው ነገረችው። ስለ ክፍሉም ነገረችው። እንዳገኘችውና እንዳልያዘችው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደሚጠብቋት።

«ለእማማ እንዳይነግሯቸው። መኪናው ከተስተካከለ መንገርም አያስፈልግም።»

«የኔ ነገር አይደለም» አለ። «ከኔ አይወጣም።»

መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ ቆመ። መኪናው ተኝቷል። የሚጠባው ነገር የለም። ሰውየው ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ፈተሸ፤ ብልሽት አጣ። ብልሽት ማጣቱ ፊቱን አጠቆረው።

ነርሷ በእነዚያ ቀናት ሆስፒታል ሆና የሞተር ሳይክል ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትል ነበር። ይህን በራሷ ላይ ስታይ ደነገጠች። ሁለት ዓመት ባዶ የቆየ ልብ ነው፣ ትንሽ ደግነት ሲነካው መብራቱ ሁሉ ይበራል፣ እውነት አይደለም ብላ ነገሩን ከሐሳቧ አወጣችው። መኪናው ደህና በነበረባቸው ቀናት አልደወለችለትም፤ ሥራ ደራረበች፤ ድካም ይዟት ተኛች። ከዚያ አንድ ጠዋት የበሽተኛ ክንድ እየጠቀለለች ሳለ፣ ያቺን ቃል ላለመድገም የሚያደርገው ጥንቃቄ ድንገት ትዝ አላትና እጇ ቆመ። ተመልሶ መጥቷል።

መኪናው ለሦስተኛ ጊዜ ዝም ሲል ሰውየው «ከሞላሁት በኋላ እሑድ ማለዳ እመጣለሁ። ማንም ሳይነካው፣ እንዳደረ ልየው» አላት።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ መጣ። የግቢው በር ገርበብ ብሎ አገኘው። ገባ ሲል አሮጊቷን አየ። መኪናው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ቆሟል፤ እሳቸው በጠባቡ ክፍተት ገብተው፣ በግድግዳው በኩል ያለውን የኋላ በር በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው እየገፉ ይዘጉ ነበር። በሩ ሌሊቱን በግማሽ ብቻ ተዘግቶ አድሯል።

«እማማ» አለ።

አልደነገጡም። ከክፍተቱ ወጥተው እጃቸውን በሹራባቸው ጠረጉ።

«አየኸኝ።»

«አየሁ።»

ሌላ አልጠየቀም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የቀጠሉት።

«ልጄን ያስገባነው በዚህ በር ነው። ጭኔ ላይ ተኝቶ ሄደ፤ ስንመለስ መኪናው ባዶ ነበር። አንዳንድ ማታ እሷ ስትተኛ እገባና እቀመጣለሁ። አንድ ቀን በሩን በቅጡ ሳልዘጋው ቀረሁ። ጠዋት መኪናው አልነሳ አለ፤ እሷም ከሥራ ቀረች፤ አብረን ቁርስ በላን። ሻይ ደገመችልኝ።» ሹራባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሳላውቅ አይደለም።»

«ለምን እማማ?»

«ልትሄድ ነዋ። ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች፤ ሩቅ አገር ሥራ አግኝታለች። እሷ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ፣ አልነገረችኝም። ይሄ መኪና ልጄን ወሰደ። እሷን አይወስድም።»

ሰውየው ወደ መኪናው ዞረ። መኪናው የሚወስዳት ሳይሆን የሚመልሳት መሆኑን ያውቃል። ግን ያ የነርሷ አደራ ነው።

«ይንገሯት» አለ።

«አልችልም። አንተም አትነግራትም።»

«እማማ፣ እኔ እንጀራዬ ብልሽት አግኝቶ መናገር ነው።»

«በእናትህ ይዤሃለሁ።»

ሰውየው ወደ በሩ አሻግሮ አየ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «አልነግራትም። ግን ይወቁት፣ በሩ እንዲህ በግማሽ ሲቀር መኪናው ሰው ሊገባ ነው ብሎ አይተኛም። ሲጠብቅ ያድራል። የሚያደክመው እሱ ነው።»

«እኔም እንደሱው ነኝ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ነርሷ ጋውኗን እንደደረበች ብቅ አለች። «ደህና አደሩ። አገኙት?»

ወደ ግድግዳው አየ። «አላገኘሁትም።»

ነርሷ ሕመማቸውን ከሚደብቁ ሰዎች ጋር ስትሠራ የኖረች ናት። ፊቱን አየች፤ ከዚያ መሣሪያውን አየች። መለኪያው ከሣጥኑ አልወጣም፤ ሣጥኑ ከነመቆለፊያው ሞተር ሳይክሉ ላይ እንደታሰረ ነው።

«ሳትለካ ነው አላገኘሁትም የምትለኝ?» አለች።

«አንተ» ያለችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በቁጣ ወጣ፤ መመለስም አልተቻለም።

«ልብስ ሰፊዋ ትስቅብኛለች። ‹መኪናው ነው የታመመው ወይስ መካኒኩ?› ትለኛለች። እሱ ሳይለካ አይናገርም እያልኩ እኮ ነው የማሳፍራት። የምትመላለሰው እኔን ለማየት ከሆነ ፊት ለፊት ተናገር። በመኪናዬ አታመካኝ። እኔ ቤቴ የተንጠለጠለው በዚህ መኪና ነው።»

የሰውየው ጆሮ ግንድ ቀላ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ሁሉም ይቀልለት ነበር። ከመጋረጃው ኋላ አሮጊቷ እንደቆሙ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ለምን እንደቆሙ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው።

«ክፍሉን ያዝሽው?» አለ። እሱም «አንቺ» አለ፣ በቁጣ ግን አልነበረም።

«ነገ እይዘዋለሁ።»

«ዛሬን ስጪኝ። ባትሪውን አስነሥቼልሽ እስከ ጤና ጣቢያው እንሂድ። መኪናው ረጅም መንገድ ካልተነዳ ትምህርቱን አይጨርስም። እማማም ይምጡ።»

«እሳቸው ደግሞ ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አልነግርሽም። ግን ይምጡ።»

አየችው። ቅድም ሲናገር ግድግዳውን ነበር የሚያየው፤ አሁን እሷን እያየ ነው። ልዩነቱን ልብ አለችና «እሺ» አለች።

አሮጊቷን ማግባባት ጊዜ ወሰደ። «ከዚህ ዕድሜ በኋላ መኪና መንዳት ልታስተምሩኝ ነው?» ብለው አንገራገሩ። በመጨረሻ የክት ጫማቸውን አድርገው ወጡና ጋቢና ተቀመጡ። ነርሷ መሪውን ያዘች፤ ሰውየው ከኋላ።

ከተማው እስኪያልቅ ማርሹ እየነጠቀ አስቸገራቸው። «አትቆጪው፣ እየለመደ ነው» አለ ከኋላ። የጡብ ፋብሪካውን ሲያልፉ የፍሬኑ መብራት ጠፋ። ድልድዩን ሲሻገሩ የሞተሩ ማቃሰት ቆመ። ከዚያ በኋላ ሰው ዝም ብሎ የሚሄድበት ዓይነት መንገድ ሆነ፤ በግራ በቀኝ የታረሰ መሬት፣ ከፊት ነጭ ግድግዳ ያለው ሕንፃ።

«ገና ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ደረስን እማማ።» ነርሷ መኪናውን ከሕንፃው ፊት አቆመች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

አሮጊቷ በወንበራቸው ላይ ዞረው የመጡበትን መንገድ አዩ። ከማሳው ማዶ የከተማው የውሃ ማማ ይታያል።

«የኛ ሰፈር የውሃ ማማ እኮ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ልብስ ሰፊዋ ሩቅ አገር ነው ያለችኝ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንገዱንም እንደ ቀሚስ አስረዝማዋለች።»

ነርሷ ወደ አማቷ ዞረች። ከልብስ ሰፊዋ እንደሰሙ ያወቀችው አሁን ነው። ከኋላ በኩል በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሰውየው ወርዶ ወደ አጥሩ እየሄደ ነበር።

«ማታ ማታ ልትመለሺ ኖሯል?» አሉ አሮጊቷ፣ እያዩት።

«መኪናው ከተነሳልኝ እመለሳለሁ። እምቢ ካለኝ ግን እዚህ ክፍል መከራየቴ ነው። የማሠራው ልመለስ ብዬ ነው እኮ እማማ። ለመሄድማ አውቶቡስ አለ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፉ።

«በሩን በግማሽ እየተውኩ የማሳድረው እኔ ነኝ» አሉ። «የግድግዳውን በር። እንዳትሄጂብኝ ብዬ።»

ነርሷ አማቷን አየች፣ ከዚያ መሪውን አየች። ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣው ሌላ ነበር። ደካማ ሴት በጨለማ ግቢ ውስጥ በሁለት እጃቸው በር ሲገፉ ታያት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

አሮጊቷ ቀስ ብለው የነርሷን ጭንቅላት ወደ ትከሻቸው ሳቡት፤ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ተደጋግፈው አያውቁም። ያን ጊዜም ቢሆን በየፊናቸው ነበር ያለቀሱት።

ከመኪናው ስትወርድ ሰውየው አጥሩን ተደግፎ ማሳውን ያይ ነበር።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ስናገርህ ዝም አልክ።»

«በእናቴ ይዘውኝ ነበር።»

«የኔንም ለሳቸው አልነገርክም።»

«አንቺም አደራ ብለሽኝ ነበር።»

ነርሷ በአጥሩ ሽቦ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ነፋሱ ከማሳው የርጥብ አፈር ሽታ ያመጣል። «ብትነግረኝ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከእማማ ጋር እንቀያየም ነበር። ከሳቸው ሳይሆን ከሌላ ሰው ብሰማው አልረሳላቸውም ነበር።»

«እኔም እሱን ነበር የፈራሁት።»

«እኔን ማጣትህንስ?»

ከማሳው ዓይኑን መልሶ አያት።

«እሱንም ፈርቻለሁ» አለ። «ግን የእናትና የልጅ ነገር አበላሽቼ የማገኝሽ ከሆነ፣ አንቺን አላገኘሁም ማለት ነው።»

«ሌላስ? ሳትለካ የምትናገረው ሌላ ነገር አለህ?»

«አለኝ። ለሱ ግን መለኪያ አልተሠራለትም።»

ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ማሳው ዞረች። እጇ ከሽቦው ላይ አልተነሣም። እጁ መጥቶ አጠገቧ ሲያርፍ አላራቀችውም።

አሮጊቷ በዚህ መሐል ብቻቸውን ወርደው የጤና ጣቢያውን መስኮቶች በመዳፋቸው ጥላ እየሠሩ ወደ ውስጥ ያዩ ነበር። ሲመለሱ «አልጋዎቹ ቁመታቸው ረዥም ነው፤ አሮጊት እንዴት ትወጣባቸዋለች?» ብለው ነርሷን ጠየቁ። እሷም ደረጃ እንደምታሠራ ነገረቻቸው።

ቤት ሲደርሱ ሰውየው ሣጥኑን ሞተር ሳይክሉ ላይ አሰረ። አሮጊቷ የግቢውን በር ይዘው ቆሙ።

«ሥራህ አለቀ?» አሉት።

«አልቋል እማማ። መኪናው ደህና ነው።»

«ሌላ የሚሠራ የለም?»

«የለም።»

ነርሷ ከኋላቸው ቆማ ነበር። አሮጊቷ ወደ እሷ አልዞሩም። እሳቸው ያዩት የነበረው ሰውየውን፣ ምናልባትም ከሱ አልፎ መንገዱን ነበር። የልጃቸውን ስም ለመጥራት የፈለጉ ያህል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተረጋጋ።

«እንግዲያው» አሉት፣ «ነገ ያለ ሥራ ና።»

በማግስቱ አመሻሹ ላይ መጣ። ነርሷ ከሥራ ገብታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ፎጣውን በትከሻዋ ጣል እንዳደረገች በሩን ከፈተችለት። እጁ ላይ ምንም አልነበረም፤ ባዶ እጆቹን የት እንደሚያኖራቸው ቸግሮት አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ጀርባው ላይ ያደርጋቸዋል። አሮጊቷ ከሳሎን ሆነው ሦስተኛውን ወንበር ሲጎትቱት ይሰማል።

«ግባ» አለችው።